ከሌን ስለማውለቅና ስለ ሰማያዊ በግ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለውባለም፤

እንደምን ሰንብተሻል? እጄ ደብዳቤ ሲጀምር ሌላ ነገር አያውቅምና አትሳቂብኝ። ከተለያየን ዛሬ አንድ ዓመት ከሰባት ወር ከሦስት ቀን ሆነን። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። አባትሽ ከጎንሽ ስለሆነ ሰላምታዬን አንቺው አድርሽልኝ፤ ከዚህ በታች ያለውን ግን አታንብቢለት። ዘፈን ሲባል ፊቱ እንዴት እንደሚሆን ታውቂያለሽ፤ አርፎ የተኛ ሰው ማስቆጣት አልፈልግም።

የምጽፈው ከሆቴሉ ባመጣሽው ደብተር ላይ ነው። የፊት ገጾቹ ላይ የእንግዶች ስምና የክፍል ቁጥር በእጅሽ ተጽፏል፤ እሱን እንዳልነካ ከኋላ ጀምሬያለሁ። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ስላቆምሁ አንድ ገጽ አንድ ከሰዓት በኋላ ይፈጅብኛል። ወሬው እዚህም እዚያም ቢዘልብሽ፣ በመሐል ተነሥታ እግሯን ዘርግታ ነው ብለሽ እለፊው።

አንድ የምነግርሽ ወሬ፣ አንድ የምጠይቅሽ ፈቃድ አለኝ። ፈቃዱን ላስቀድም። በቀብርሽ ዕለት የማልሁትን ታስታውሻለሽ፤ አንቺ ባታስታውሽ ሰፈሩ ያስታውሳል። «አንቺ ያለሽበት እስክመጣ ይህን ጥቁር ልብስ አላወልቅም» ብዬ መቃብርሽ አፍ ላይ ጮኽሁ። ሙት ዓመትሽ ሲወጣ የዕድር ሴቶች እንደ ወጉ ከሌን ሊያወልቁልኝ መጡ፤ ከበር መለስኋቸው። አሁን ግን ልቤ ወላወለ። ያወላወለኝ ምን እንደሆነ ብነግርሽ አታምኝም። ባንድ ነው። አዎ፣ የሙዚቃ ባንድ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታችን ብዙ አልተለወጠም፤ አልጋሽ ባለበት አለ፣ የጓሮው ጽድ አጥሩን አልፏል። ለውጡ ያለው ከግድግዳው ወዲያ ነው። አንቺ እንግዳ ትቀበይበት የነበረው ሆቴል እንግዳ ካጣ ቆየ። አስጎብኚዎቹ ባጃጅ ይነዳሉ፤ ባጃጅ ነጂዎቹ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ባለቤቱ ጋሽ መኮንን ጠዋት ጠዋት የክፍሎቹን መስኮት ሁሉ ይከፍታል፣ ወደ ማታ ይዘጋል። ምን እየሠራህ ነው ሲሉት «አየር እያሳደርሁ ነው» ይላል። እኔም ጥጤን እፈትላለሁ። ሸማኔው ጋሽ ሰይድ እንደ ድሮው እየመጣ ይወስደዋል፣ እንደ ድሮውም ያማርራል።

በጥቅምት ወር፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የንስሐ አባታችን አባ ወልዴ ቤቱን ጠበል ሊረጩ መጡ። ረጭተው ቁጭ እንዳሉ ከግድግዳው ወዲያ አንድ ረጅም ድምፅ ተነሣ። ረጅም ስልሽ ያለ ቅጥ ረጅም ነው፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ከሥሩ ይነሣል፣ ከዋሻ እንደሚወጣ ዓይነት። ቀጥሎ ከበሮ መጣ፣ ዝግ ያለ፣ የማይቸኩል። ጊዜው ጽጌ ነው፤ ከአንዱ ደብር በድምፅ ማጉያ የሚመጣ ማኅሌት መሰለን። ማክሰኞ በጠራራ ፀሐይ ምን ማኅሌት አለ ብሎ ያሰበ ከሁለታችን አንድም የለም። አባ ወልዴ ጆሯቸውን አዘንብለው «ይህ የዛሬ ሰው ዜማ አይደለም፣ የድሮዎቹ ነው። ከየት ገዳም የመጡ መምህር ይሆኑ?» አሉና ተነሡ። እሳቸው ሲነሡ እኔ ልቀመጥ ነው? ነጠላዬን አጣፍቼ ቆምሁ።

ግማሽ ሰዓት ቆምን ልጄ። አባ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወዲያና ወዲህ ይላሉ፤ እኔ ከጉልበቴ ጋር እታገላለሁ። እንባዬ ወረደ፤ ስምሽን አንሥቼ ነፍስ ይማር አልሁ። ከበሮው እየፈጠነ ሲመጣ አባ «ይኸውልሽ፣ ወደ ወረቡ ገቡ» ብለው ማጨብጨብ ጀመሩ። እኔም አጨበጨብሁ። ከዚያ ሁሉም ነገር ቀጥ አለና አንድ ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ፦ «ዋን፣ ቱ! ዋን፣ ቱ! ሞንታርቦው ይጮኻል እኮ፣ ማነው የነካካው?»

አባ ወልዴ እጃቸውን እንዳጋጠሙ ቀሩ። ከዚያ መቋሚያቸውን ቀስ አድርገው ግድግዳው ላይ አስደገፉትና «በላይነሽ፣ ይህን ለማንም አትንገሪ» አሉኝ። ላንቺ መንገር ለማንም መንገር አይደለም።

እሳቸው ሲሄዱ ንዴቴ መጣ። ልጇን የቀበረች ሴት አጠገብ ዘፈን የሚከፈት ከመቼ ወዲህ ነው? የአባትሽን ከዘራ ይዤ ሄድሁ። አዳራሹ ውስጥ አራት ወጣቶች አሉ። አንዱ ያ አስጎብኚው ነው፣ ጀርመንኛ ይናገር የነበረው፤ አሁን ጊታር ታቅፏል። ሌላው ባጃጅ ነጂ ነው፤ ድራም ይመታል፣ ያውም ባጃጁን በሚነዳበት አኳኋን። ሦስተኛው ዜማ ቤት የነበረ ልጅ ሲሆን ኦርጋን ላይ ተቀምጧል፤ አባ ወልዴን ያሳሳታቸው እሱ ነው። ወፍራሙን ጊታር የያዘችውና የምትዘፍነው ግን ሴት ናት፣ ራሔል የምትባል፣ ከወገል ጤና የመጣች። ቀጭን ናት፤ ጊታሩ እሷን የያዛት ይመስላል። በየጥጉ የእጅ ባትሪ አቁመው ፊት ለፊቱ ቀይና አረንጓዴ የከረሜላ ላስቲክ አድርገዋል። ጣሪያው ላይ ቀለም ይዋኛል።

ከዘራዬን አንሥቼ አፌን ስከፍት ራሔል ጥቁሬን አየች። ጊታሯን መሬት አስቀምጣ መጥታ እግሬ ላይ ወደቀች። «እማማ፣ ይቅር ይበሉን፣ ሐዘን ቤት መሆኑን የነገረን የለም» አለችኝ። የተዘጋጀሁበትን ቁጣ ምን ላድርገው? ይዤው ተመለስሁ። በበነጋው ጠዋት በሬ ላይ አንድ ኪሎ ስኳር ተቀምጦ አገኘሁ፤ ከግድግዳው ወዲያም ፀጥ አለ።

ፀጥ ያለው ሁለት ቀን ነው። በሁለቱ ቀን ውስጥ ምን እንደሆንሁ አላውቅም። እንዝርቴን አሾራለሁ፣ ይቆማል። አሾራለሁ፣ ይቆማል። ያ ከበሮ እጄ ውስጥ ገብቶ ኖሯል። ቤቱ እኮ ካንቺ ወዲህ ፀጥ ያለ ነበር፤ እስከዚያች ቀን ድረስ ግን ፀጥታውን አልሰማሁትም። በሦስተኛው ቀን ከዘራውን ሳልይዝ ሄድሁ። ሙዚቃችሁ አማረኝ አይባል ነገር፣ ጥቁር ለብሼ። «ልጆች፣ እናንተ ስትመቱ ኮርኒሴ ውስጥ የነበሩት አይጦች ጠፍተው ነበር፤ ዝም ስትሉ ተመለሱ። እህሌን ፈጁት» አልኋቸው። እውነቱን ለመናገር አንዲት አይጥ ናት፤ እሷንም እኔ ነኝ ያበዛኋት። ራሔል ዓይን ዓይኔን አየችኝና «ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚያስቸግሩዎት እማማ?» አለችኝ። «ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ» አልኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ሰዓት መቱልኝ። መጀመሪያ ለሐዘኔ ብለው ቀስ አድርገው ነበር። በሳምንቱ፣ አይጦቹ በደንብ አይሰሙም ብዬ መልእክት ላክሁ።

እንግዲህ ሙዚቃው ምን ዓይነት ነው ብትይኝ፣ ስሙ ሳይኬደሊክ ዳንስ ሮክ ነው። ራሔል አራት ጊዜ ደጋግማ ነግራኝ በአሥራ አንድ ፊደል ጽፌ ያዝሁት። ምን ማለት ነው ስላት «ዓይንዎን ሲጨፍኑ ቀለም የሚያሳይዎት ሙዚቃ ነው፤ እግርዎ ግን አርፎ አይቀመጥም» አለችኝ። ዓይን ጨፍኖ ቀለም ማየትማ ደም ብዛት ነው አልኋት። የባንዳቸው ስም ሰማያዊ በግ ነው። ለምን ሰማያዊ እንደሆነ ከአራቱ አንዱም አያውቅም። የዕድራችን ሰብሳቢ እትዬ ጥሩነሽ ስሙን ስትሰማ «ምን በልቶ ነው?» አለች።

እኔ እንደሰማሁት ልንገርሽ። ጊታሩ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ጉም ውስጥ አህያው የጠፋችበት ሰው ነው። ይጣራል። ገደሉ ይመልስለታል። የራሱ ድምፅ መሆኑን አያውቅምና አህያዋ መሰለችው፣ ወደዚያ ይሄዳል፤ ደግሞ ይጣራል። ኦርጋኑ ጉሙ ነው። ወፍራሙ ጊታር የሰውየው ሆድ ነው፣ ስለራበው። ከበሮው ብቻ አይጨነቅም፤ አህያዋ የት እንዳለች የሚያውቅ ይመስል ዝም ብሎ ይሄዳል። ይህ እንግዲህ አሥር ደቂቃ ነው። ከዚያ አህያዋ ትገኛለች። ስትገኝ ያለው ጭፈራ፣ አይ ልጄ! ግጥሙም አያስቸግርም፤ አንድ ቃል ብቻ ነው፣ «ቆይ» ይላል። ደጋግሞ «ቆይ፣ ቆይ» ይላል፣ እንደ ቀበሌ ጸሐፊ። በመጨረሻ ግን ከጸሐፊው የተሻለ ነገር ይሰጥሻል።

ፈትሌም ተበላሽቷል። ጋሽ ሰይድ ባለፈው ማጉን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየና «በላይነሽ፣ ይህ ምንድን ነው? እዚህ ጋ እንደ ጸጉር፣ እዚህ ጋ እንደ ገመድ! እጅሽ ይንቀጠቀጣል እንዴ? ሐኪም ዘንድ ሂጂ እንጂ» አለኝ። ሕመም አይደለም፣ ባንድ ነው ልለው አፈርሁ። ሠርቶ ሲያመጣው ሸማው ነፋስ የነካው ውኃ ይመስላል፤ ሞገድ አለው። ባለ ሱቋ አይታ እንዲህ ያለውን ደግመህ አምጣ ብላዋለች አሉ። አሁን ጋሽ ሰይድ ያማረረበት እጅ እንዳይድን ይጸልይልኛል።

ይህን ሁሉ የምነግርሽ ስለ አንድ ቀን ነው። የጆሮ ማዳመጫሽን አንዱን ጫፍ አውጥተሽ ጆሮዬ ውስጥ ከትተሽልኝ «እማ፣ ይህን ስሚው» ያልሽኝ ቀን። እህል እያበጠርሁ ነበር። ትንሽ ሰማሁና «ሞተሩ የታመመ ወፍጮ ነው» ብዬ ነቅዬ ሰጠሁሽ። አልተቀየምሽም፣ ሳቅሽ። ግን ሁለተኛ አልሰጠሽኝም። አሁን ሳስበው ያ የሰማሁት ገና ጉሙ ነበር። አህያዋ ልትገኝ ጥቂት ሲቀር ነው ያወጣሁት። ውቤ፣ በዚህች ከተማ ይህን ባንድ አገኘሁ ብዬ ልነግረው የምሮጥለት ሰው ቢኖር አንቺ ብቻ ነሽ። እነ እትዬ ጥሩነሽን «ጊታሩ ሲጣራ ሰማችሁት?» ብላቸው ግንባሬን ይዳስሱኛል።

እንግዲህ ወደ ፈቃዱ ልምጣ። ከነቢያት ጾም በፊት ባለው የመጨረሻ እሑድ ሰማያዊ በግ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ሊጫወት ነው። በቀን ነው፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ ሰው በጊዜ ቤቱ እንዲገባ። ራሔል መጥታ የፊት ወንበር ለእርስዎ ነው አለችኝ። ጥቁር ለብሶ ጭፈራ ቤት አይገባም። ጥቁሩን እንዳላወልቅ ደግሞ ምያለሁ። አባ ወልዴ ዘንድ ሄድሁ።

አባ መሐላዬን ሰምተው «የማልሽው ለእግዚአብሔር ነው ለልጅሽ?» አሉኝ። «ለልጄ ነው አባ፣ ፊቷ ላይ ቆሜ» አልኋቸው። «እንግዲያስ በእናትና በልጅ መካከል እኔን ምን ጥልቅ አደረገኝ? እሷኑ ጠይቂ። በሐዘን አፍ መማልሽ ግን ጥፋት ነው፣ አርባ ስግደት» አሉ። ጉልበቴን አሳየኋቸው፣ አሥራ ሁለት አደረጉልኝ። ልወጣ ስል ጠሩኝና «ስትሰግጂ በዘጠኝ ሰዓት አይሁን፤ በዚያ ከበሮ ልክ እንዳይሆንብሽ» አሉኝ። ደግሞም መሬት መሬት እያዩ «ያ ኦርጋን የሚነካው ልጅ ዜማውን ማን ዘንድ እንደተማረ ጠይቂልኝ» አሉ።

ይኸው እየጠየቅሁሽ ነው። ደብዳቤውን የጀመርሁት ለዚሁ ነው። ሦስት ቀን ምልክት ጠበቅሁ። ሕልም እንኳ ብትሰጭኝ ብዬ በጊዜ ተኛሁ፤ ያየሁት ጋሽ ሰይድን ነው፣ በሕልሜም ሲያማርር። ከልጅነትሽም ሦስቴ ካልጮኽሁ አትመልሽም ነበር።

ያላልሁሽን አንድ ነገር ልጻፍ፤ እስካሁን ገጹን የሞላሁት እሱን ላለመጻፍ ነው። መሐላው ሰበብ ነው። ጥቁሩን ማውለቅ የምፈራው በሌላ ነገር ነው። ድሮ በዚህ ሰፈር ስሜ የውባለም እናት ነበር፤ በላይነሽ መባሌን ራሴም እረሳው ነበር። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የሚጠራኝ ሁሉ በላይነሽ ይላል። እንዳላዝን ብለው ነው፤ ስምሽን እንደ እሳት ይሸሹታል። ወሬ ይዘው ወደ አንቺ ሲቀርቡ ይታጠፋሉ። ስምሽን የምጠራው የማላውቀው ሰው ሲያጋጥመኝ ብቻ ነው። ገበያ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ለመሳለም ከሩቅ የመጣች ሴት ጥቁሬን ታይና «እናቴ፣ ማን ሞተብዎት?» ትለኛለች። ያን ጊዜ «ልጄ ውባለም» እላለሁ። ምን ትመስል እንደነበር፣ በስንት ቋንቋ እንግዳ ትቀበል እንደነበር፣ ልብሽን ያመመሽ ከልጅነትሽ እንደሆነ እናገራለሁ። ነጭ ከለበስሁ ማን ይጠይቀኛል? ማን ብሎ? ጉልበቷን ያመማት አሮጊት መሆኔ ነው።

እዚህ ላይ አቁሜ ነበር። ከዚህ በኋላ ያለው የተጻፈው ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። መልስሽን ሳላገኝ ቅዳሜ ደረሰ።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ጥሩነሽ ስድስት ሴት አስከትላ መጣች። ለብ ያለ ውኃ በባልዲ፣ ቅቤ በቅል፣ ነጭ ቀሚስ በፌስታል። አባ ወልዴ ናቸው የነገሯት፤ የሌላው ሰው ንስሐ ይጠበቃል፣ የእኔ ግን በዕድር በኩል ያልፋል። በሩን በጀርባዬ ያዝሁ። «አንቺ በላይነሽ!» አለች ጥሩነሽ ከውጭ፣ «ይህ ልብስ ከል መሆኑ ቀርቶ የጭላዳ ቆዳ ሆኗል። ከኋላ ሲያዩሽ ከገደል የወረድሽ ነው የሚመስለው። ልጅቱ ብታይሽ አላውቃትም ትላለች!» «ይሁን፣ ጭላዳም ሐዘን አለው» አልኋት። ሰባቱ ሲገፉ አንዲት ጉልበተ ቢስ ምን ትችላለች? ገቡ። ሁለቱ እጄን ያዙ። እኔ እጮኻለሁ፣ እነሱ ይማጸናሉ፤ አንዷ ታለቅሳለች፣ አንዷ ቅቤው ቀለጠ ትላለች።

በዚያ መሐል በሩ ተንኳኳና ራሔል ብቅ አለች። አዳራሹ መስኮቱ ብዙ ነው፤ በቀን ስለሚጫወቱ ፀሐዩ ገብቶ የባትሪዎቻቸውን ቀለም አጠፋባቸው። ቤት ለቤት እየዞረች መሸፈኛ ትለምን ኖሯል። ማንንም ሳታይ ገና ከደጃፉ «እማማ፣ ጥቁር ጨርቅ ይኖርዎታል?» አለች።

ሰባት ሴት እኔን አየ። የእኔ አንዱ እጅጌ ወልቋል፣ ጥሩነሽ ሌላውን ይዛ ቆማለች። መጀመሪያ የሳቀችው ጥሩነሽ ናት፤ ሳቋ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ እንደ ዶሮ ነው። ከዚያ እኔ ሳቅሁ። ልጄ፣ ካንቺ ወዲህ አልሳቅሁም ነበር፤ ሳቅ እንዴት እንደሚያደክም ረስቼው ነበር። ሆዴን ይዤ ተቀመጥሁ። የሚስቅ ሰው ደግሞ አቅም የለውም። እኔ ስስቅ እነሱ አወለቁልኝ። መሐላዬ እንዲህ ሆኖ ነው የፈረሰው፤ ፈቅጄ አይደለም፣ እምቢም አላልሁም።

ራሔል ነገሩ ሲገባት ፊቷ ተለዋወጠና ይቅርታ እያለች ወደኋላዋ ስትሸሽ ጥሩነሽ ልብሱን ጠቅልላ ደረቷ ላይ አስታቀፈቻት። «ውሰጂው። ለአንድ መስኮት ይበቃል። እኔም የወንድሜ አለኝ፣ ሣጥን ውስጥ ብል እየበላው ነው» አለች። ሌላዋ የባሌ አለኝ አለች። ሌላዋ የሁለቱ ወንዶች ልጆቼ አለኝ አለች። በዚህ ጥቂት ዓመት ጥቁር የሌለው ሣጥን የት አለ? እስከ ቀትር ድረስ ራሔል ቤት ለቤት ዞራ ተሸክማ መሄድ አቃታት፤ ባጃጁ መጥቶ ጫነላት።

እሑድ ነጭ ለብሼ፣ ጸጉሬን ተቀብቼ ሄድሁ። የተዋስሁት ልብስ እንጂ የራሴ አልመሰለኝም። አዳራሹ ጨለማ ነው፤ በመስኮቱ ሁሉ የሰፈሩ ሐዘን በመርፌ ቁልፍ ተሰቅሏል። የእኔው ትልቁ መስኮት ላይ ነበር፤ ደብዝዞ ስለሳሳ ትንሽ ብርሃን ያሳልፋል። የዕድር ሴቶች የፊተኛውን ረድፍ ሞልተን ነጠላችንን አጣፍተን ተቀመጥን፤ ልማድ ነው፣ ሰባኪ የምንጠብቅ ይመስል ነበር። አባ ወልዴ አልመጡም። እኛ ግቢ በር ላይ ግን እግራቸውን ሊያሳርፉ ተቀምጠው ነበር አሉ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።

ጀመሩ። ቀለሙ ጣሪያ ላይ ዋኘ፣ ሰውየው አህያውን ፈለገ። ወጣቱ ሁሉ ተነሣ። ጥሩነሽ ሳይቀር «ይህ በግማ ሰማያዊ ነው» ብላ ተነሣች። ጉልበቴ እምቢ ስላለ እኔ ተቀምጬ ቀረሁ። ተቀምጬ ግን ትከሻዬ ተነሣብኝ። ያን ጊዜ ነው አንቺ የመጣሽብኝ። ሐኪሙ ቆመሽ እንዳትጨፍሪ ስለከለከለሽ በየሰርጉ ወንበር ላይ ሆነሽ በትከሻሽ ብቻ ትጨፍሪ አልነበር? ግራውን ሁለቴ፣ ቀኙን አንዴ፣ ከዚያ አንገትሽን እንደመስበር አድርገሽ ቀጥ። ያኔም እኔ ከጎንሽ ተቀምጬ «ቀስ በይ፣ ልብሽ፣ ልብሽ» እልሽ ነበር። ስከለክልሽ በዓይኔ ለካ ተምሬው ኖሯል። ግራውን ሁለቴ፣ ቀኙን አንዴ። ተቀምጬ ጨፈርሁልሽ። እንባዬም እንደልቡ ወረደ፤ ጨለማ ስለሆነ ማንም አላየኝ።

አጠገቤ አንዲት ወጣት ነበረች፣ ከወልዲያ ዘመድ ጥየቃ የመጣች፣ አታውቀኝም፣ አላውቃትም። ዝቅ ብላ ጆሮዬ ላይ «እማማ፣ ይህን ጭፈራ ማን ነው ያስተማረዎት?» ብላ ጮኸች።

«ልጄ ናት! ውባለም ትባላለች!» ብዬ ጮኽሁ።

«ጎበዝ ናት!» አለችኝ።

ነበረች ልላት አፌን ከፈትሁ። ከዚያ ምን አስቸኮለኝ? «ናት» አልኋት። እሷም ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና አሳዩኝ አለችኝ፤ ግራውን ሁለቴ፣ ቀኙን አንዴ፣ አሳየኋት። ሲያልቅ ሦስት ልጃገረዶች ሆነው ነበር፤ ሦስቱም ጭፈራውን «የውባለም» እያሉ ነው የሚጠሩት።

እንግዲህ የኔ እናት፣ ከንግዲህ ጥቁሬን አይቶ የሚጠይቀኝ የለም። ትከሻዬን ግን እንዲጠይቁኝ አደርጋለሁ። ሰርግ ሲጠሩኝ እሄዳለሁ፣ ወንበር አመጣለሁ፣ ማን አስተማረሽ እስኪሉኝ ድረስ አልነሣም። ካሉኝም ስምሽን ጮክ ብዬ እናገራለሁ፣ ከበሮው ቢበልጠኝ ደግሜ እጮኻለሁ።

የውባለም እናት
ላሊበላ